አሥር ድምፅ፣ ከዚያም ሁለት ዓመት፦ የበርሊንግተን ከንቲባ በ1983 ያቀረበው ሒሳብ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



ዛሬ የማቀርበው ታሪክ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ መጠኑም ትንሽ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ በሻምፕሌይን ሐይቅ ዳር በርሊንግተን የምትባል ከተማ አለች። በ1980 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 37,712 ነበሩ። በግዛቲቱ ውስጥ ከእርሷ የሚበልጥ ከተማ የለም፤ በአሜሪካ ሚዛን ግን ከትንንሾቹ ትመደባለች። በዚህች ከተማ በ1981 የተመረጠ አንድ ከንቲባ ከሁለት ዓመት በኋላ «ድገሙኝ» ብሎ ሕዝብ ፊት ሲቆም ምን ይዞ እንደ ቆመ ልንመረምር ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ይህን ርእስ የመረጥሁበትን ምክንያት ልደብቃችሁ አልፈልግም። ባደግሁባት ከተማ ከንቲባ ሲሾምም ሲሻርም የምንሰማው እንደ ማንኛውም ሰው በሬዲዮ ነበር። አባቴ የልብስ ስፌት መኪናውን አቁሞ ዜናውን ካዳመጠ በኋላ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቅ ነበር፤ «የሄደው ምን አጠፋ? የመጣውስ ምን ሊሠራ ነው?» ለሁለቱም መልስ የሚሰጠው አልነበረም። በእኛ የአስተዳደር ልማድ ሒሳብ ማወራረድ የሚመጣው ሹም ሽር ሲሆን፣ ማለትም ሰውየው ከወንበሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ሒሳቡንም የሚቀበለው የሾመው አካል ነው። በወንበሩ ላይ ለመቆየት የሚፈልግ ሰው ራሱ መዝገቡን ገልጦ ለጎረቤቱ፣ ለደንበኛው፣ ለተከራዩ የሚያነብበት ሥርዓት ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለግሁት ከዚያ የአባቴ ጥያቄ ተነሥቼ ነው።

«ከንቲባ» የሚለው ቃል ራሱ የቆየ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን የከተማይቱ ገዥ መጠሪያ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ከንቲባ የሚሾመው ከላይ ነበር፤ ዛሬም በሕጋችን ከንቲባን የሚመርጠው የከተማው ምክር ቤት እንጂ ነዋሪው በቀጥታ በሚሰጠው ድምፅ አይደለም። የትኛው ይሻላል የሚለውን ክርክር ዛሬ አልከፍትም። ቃሉ አንድ ሆኖ ሥልጣኑ ግን የተለያየ መሆኑን ብቻ በልባችሁ ያዙልኝ። በኋላ እንደምናየው፣ በቀጥታ የተመረጠውም ከንቲባ ቢሆን የምናስበውን ያህል ሥልጣን አልነበረውም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ከ1971 ጀምሮ የበርሊንግተን ከንቲባ ዴሞክራቱ ጎርደን ፓኬት ነበሩ። የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ስለሆነ በ1981 የሚወዳደሩት ለስድስተኛ ጊዜ ነበር። ሪፐብሊካኖች ከእርሳቸው ጋር ተስማምተው ይኖሩ ስለነበር ተወዳዳሪ እንኳ አላቀረቡም። ፓኬት ማሸነፋቸውን ስላልተጠራጠሩ በምርጫው ዓመት የቤትና የቦታ ግብር እንዲጨምር ሐሳብ አቀረቡ። ይህ በማንኛውም አገር ጥንቃቄ የጎደለው ነገር ነው። በግል የቀረበው ተወዳዳሪ በርኒ ሳንደርስ ራሱን ሶሻሊስት ብሎ የሚጠራ፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን የተወለደ፣ በ1970ዎቹ በአንድ አነስተኛ ፓርቲ ስም ለግዛት አስተዳዳሪነትና ለሴኔት አራት ጊዜ ተወዳድሮ ከመቶ 6 ገደማ ያላለፈ ሰው ነበር። የግብር ጭማሪውን ተቃወመ፤ በሐይቁ ዳርቻ ውድ መኖሪያዎች ለመሥራት የቀረበውን ዕቅድም ተቃወመ፤ የከተማው ፖሊሶች ማኅበር ደገፈው። በመጋቢት መጀመሪያ ድምፅ ተሰጠ፤ ዳግም ቆጠራ ተደረገ፤ ሳንደርስ በአሥር ድምፅ ብልጫ አሸነፈ።

ስለዚህ ስለ አሥሩ ድምፅ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ያን ያህል አይማርከኝም። አሥር ድምፅ ዝናብ ቢዘንብ ሊጠፋ የሚችል ቁጥር ነው። መራጩ በ1981 የተናገረው ሶሻሊስት እንፈልጋለን የሚል ቃል አልነበረም፤ በአመዛኙ ፓኬት ይበቃሉ የሚል ነበር። ሦስተኛ ተወዳዳሪ ሆነው በግል የቀረቡት ምግብ ቤት ባለቤት ባይኖሩ ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ እንደነበርም መገመት አያስቸግርም። የመጀመሪያው ምርጫ በሌላ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። በራሱ በአዲሱ ከንቲባ ላይ የተሰጠው ፍርድ የ1983ቱ ነው፤ የታሪክ ተመራማሪው ትኩረትም እዚያ ላይ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

በመካከላቸው ያሉት ሁለት ዓመታት ምን ይመስሉ ነበር? የከተማው ምክር ቤት 13 አባላት ነበሩት። ከነዚህ ውስጥ ለአዲሱ ከንቲባ የሚያደሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አብሮት የተመረጠው ወጣቱ ቴሪ ቡሪሺየስና በዕድሜ የገፉት ዴሞክራት ሴዲ ኋይት። የቀሩት 11 አባላት ጉዳዩን እንደ ድንገተኛ ሕመም ቆጠሩት፤ ሁለት ዓመት ታግሠው ካሳለፉት የሚለቅ። ከንቲባው የቀጠራትን ጸሐፊ ምክር ቤቱ አሰናበተ። ለገንዘብ ሹምነት፣ ለከተማ ጠበቃነትና ለሌሎች ኃላፊነቶች ያቀረባቸውን ሰዎች ሁሉ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ሳንደርስ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈው በምርጫ ባሸነፋቸው በቀድሞው ከንቲባ ሹማምንት መካከል ተቀምጦ ነበር። በዚያ ላይ የፖሊሱ፣ የመንገዱ፣ የመብራቱና የመናፈሻው ሥራ ምክር ቤቱ በሚሰይማቸው ኮሚሽኖች እጅ ነበር። ከንቲባው መሥሪያ ቤት ነበረው፤ ሠራተኛ ግን አልነበረውም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የተቃዋሚዎቹን ስሌት ልብ እንበል። ምንም እንዳይሠራ ካደረግነው፣ በ1983 ሲመጣ ምንም አልሠራም እንላለን የሚል ነበር። ይህ በየትኛውም ዘመን የምናገኘው ስሌት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። በበርሊንግተን ያልሠራው በሁለት ምክንያቶች ይመስለኛል።

አንደኛው፣ ከንቲባው መከልከሉን ራሱን ወደ ሒሳቡ አስገባው። ለሥራ የሚሆኑ ሹማምንት ሲከለከል በጎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ ለወጣቶች፣ ለሥነ ጥበብ፣ ለሴቶች ጉዳይ ግብረ ኃይሎች አቋቋመ። በሐይቁ አናት ባለው መናፈሻ በነፃ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። ይህ ሁሉ ከከተማው በጀት የሚጠይቀው ጥቂት ወይም ምንም ነበር። ከዚያም ከምክር ቤቱ አባላት ከፊሎቹ በሚመረጡበት በ1982 ከሕዝብ ፊት ቆሞ፣ የመረጣችሁትን ሰው ሥራ የሚከለክሉት እነ እገሌ ናቸው አለ። ሰሚ አገኘ። ደጋፊዎቹ በምክር ቤቱ ውስጥ አምስት ሆኑ። አምስት ከ13 አብላጫ አይደለም፤ ግን ከንቲባው ውድቅ ያደረገውን ውሳኔ ለማጽናት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር፣ የቀሩት ስምንቱ ብቻቸውን ያንን ማድረግ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ሹማምንቱ መጽደቅ ጀመሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ይበልጥ የሚያስገርመኝ ነው። ሶሻሊስቱ ከንቲባ ያቀረበው የመጀመሪያው ትልቅ ክንውን አንድ ቆጣቢ ነጋዴ ሊኮራበት የሚችል ነበር። አዲሱ የገንዘብ ሹም ጆናታን ሊዮፖልድ የከተማውን መዝገብ ሲመረምር ማንም በውል ያላወቀው 1.9 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ አገኘ። ለዚያች ከተማ ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ከተማው የሚገባው ኢንሹራንስ ቀድሞ ያለ ጨረታ ለአካባቢው ወኪሎች ይከፋፈል ነበር፤ አሁን ግን በግልጽ ጨረታ ወጣ፤ ወጪውም ቀነሰ። ሥራ ፈትቶ በባንክ የሚቀመጠው ገንዘብ ወለድ እንዲያስገኝ ተደረገ። የሪፐብሊካን ወገን ሊያደርገው ይገባ የነበረውን ሥራ ሌላ ሰው ሠራው፤ ስለዚህ ይህ ሰው ከተማውን ያከስራል የሚለው ክስ ጉልበቱን አጣ።

ከዚህ ጋር የበረዶው ጉዳይ አለ። በርሊንግተን ውስጥ በረዶ ወራት ይቆያል። ለእኛ ጎርፍ የሞላው ቦይና የተቆፈረ መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ብናስብ ይቀርበናል። የመጥረጊያ መኪናው የማንን ሰፈር መጀመሪያ ይጠርጋል? የማንን የእግረኛ መንገድ ይተዋል? ኦልድ ኖርዝ ኢንድ የሚባለው ሰፈር አብዛኛው ተከራይ፣ ገቢውም ዝቅተኛ ነበር። በአዲሱ አስተዳደር የመንገዱና የእግረኛው መተላለፊያ ጠረጋ ለነዚህ ሰፈሮች ትኩረት ሰጠ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ፈገግ ይላሉ። ርእዮተ ዓለም የሚነበበው በመግለጫ ብቻ ይመስላቸዋል። ጧት በማለዳ ወደ ሥራ ለመሄድ በሩን የከፈተ ሰው ግን መንገዱ መጠረጉን ወይም አለመጠረጉን ያያል፤ ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ወገን ማየት አለብኝ። በ1981 መገባደጃ ላይ ቸርች ስትሪት የተባለው የመሐል ከተማ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ የእግረኛ የገበያ ቦታ ሆነ። ዛሬ ወደ በርሊንግተን የሚሄድ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው፤ ብዙ ሰውም የሳንደርስ ዘመን ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዕቅዱ የተነደፈውና ገንዘቡ የተገኘው ግን በፓኬት ዘመን ነው። ፓኬት አንድ ዓመት ቢቆዩ ኖሮ የሚመረቁበት ሪባን በእጃቸው ይቆረጥ ነበር። ከንቲባ ሲለወጥ ግማሽ የደረሰ ሥራ ለተተኪው ይቀራል፤ መዝገቡ ላይም ስሙ ይለወጣል። የአንድ ሹም ክንውን ስንቆጥር ከርሱ በፊት የተጀመረውን መቀነስ፣ ከርሱ በኋላ የተፈጸመውን መጨመር አለብን፤ ይህ ቀላል ስሌት አይደለም፤ ተወዳዳሪዎች ደግሞ በምርጫ ወቅት እንዲህ ያለ ስሌት ሲሠሩ አላየሁም።

በ1983 መጋቢት ሦስት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። ዴሞክራቶች የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል የነበሩትን ጁዲ ስቴፋኒን፣ ሪፐብሊካኖች ጄምስ ጊልሰንን አቀረቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ በምክር ቤቱ ውስጥ በአንድነት ሲቃወሙ የከረሙት ሁለቱ ፓርቲዎች በምርጫው ቀን ለየብቻ መቆማቸው ከንቲባውን ሳይጠቅም አልቀረም። ግን ይህ ብቻውን ውጤቱን አያስረዳም። ሳንደርስ ከመቶ 52፣ ስቴፋኒ 31፣ ጊልሰን 17 ያህል አገኙ። ሁለቱ ተደምረው እንኳ አያሸንፉትም ነበር። ከዚህ ይበልጥ የሚናገረው የመራጩ ብዛት ነው። ድምፅ የሰጠው ሕዝብ ከ1981 ጋር ሲነጻጸር ከሲሶ በላይ ጨምሯል። ማለትም ከንቲባው የተደገመው አሥሩን ድምፅ በማባዛት አልነበረም፤ ቀድሞ ወደ ምርጫ ጣቢያ የማይመጡ ሰዎች፣ በተለይም በዝቅተኛ ገቢ የሚኖሩት ሰፈሮች፣ በብዛት ስለ መጡ ነው። እነዚህ ሰዎች በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ አይገኙም፤ የጋዜጣ አምድም አይጽፉም። የሁለቱን ዓመታት መዝገብ ግን አንብበውት ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስላለፈው ነው። ድገሙኝ የሚል ከንቲባ ግን ወደ ፊት የሚሠራውንም መናገር አለበት፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ይወሳሰባል። ትልልቆቹ ጉዳዮች ሦስት ነበሩ፤ የግብር ሸክሙን ከቤት ባለንብረቱ ላይ ማቅለል፣ ተከራዩንና ድኻውን ከቤት ዋጋ ንረት መጠበቅ፣ የሐይቁን ዳርቻ ለሕዝብ ማዋል። አንዱም በከንቲባው ፊርማ ብቻ የሚፈጸም አልነበረም።

ግብሩን እንመልከት። በአሜሪካ ከተማ ማለት የግዛቱ ልጅ ማለት ነው፤ አዲስ ዓይነት ግብር ለመጣል መተዳደሪያ ቻርተሩን መለወጥ፣ ያንንም የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንዲያጸድቀው ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ንብረት ያላቸው ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ ደግሞ ከንብረት ግብር ነፃ ነበሩ። ከንቲባው በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ታገለ፤ አንዳንዱን አገኘ፤ ሆስፒታሉን ለማስከፈል የጀመረውን ክርክር ግን በፍርድ ቤት ተሸነፈ። እንዲህ ያለው ነገር በምርጫ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይሆናል፤ በሥራ ላይ ግን ዐሥር ዓመት ይፈጃል።

በቤት በኩል ይበልጥ ተሳካለት። ከዳግም ምርጫው ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1983፣ የከተማው የማኅበረሰብና የኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በ1984 ከከተማው በተሰጠ 200,000 ዶላር የማኅበረሰብ መሬት አደራ ተቋም ተመሠረተ። አሠራሩ ለእኛ አገር ሰው ግራ አይገባውም፤ መሬቱ የተቋሙ ሆኖ ይቀራል፤ ቤቱን ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ይገዛል፤ ሲሸጥ ከዋጋ ጭማሪው የተወሰነውን ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ቤቱ ለሚቀጥለው ገዥም በሚቻል ዋጋ ይቀራል። መሬትን ከቤት መለየትን እኛ በ1975 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ እናውቀዋለን። ልዩነቱ፣ እዚያ መሬቱ የሚገኘው በግዢ ወይም በስጦታ ነው፤ የሚያስተዳድረውም በመንግሥት ፈንታ ነዋሪዎቹ ራሳቸው አባል የሆኑበት ቦርድ ነው። አንድ ዓይነት ሐሳብ በሁለት የተለያዩ ዓለማት እንዲህ በተለያየ መንገድ መሄዱ ለንጽጽር የሚመች ነው። ከመካከላችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ካለ ይኸው።

የሐይቁ ዳርቻ ነገር ግን የከንቲባውን ደካማ ጎን ያሳያል። በ1981 «በርሊንግተን አትሸጥም» ብሎ ተነሥቶ ነበር። በ1985 ግን ራሱ የደገፈው፣ አልደን የተባለ የባለሀብቶች ስብስብ ያቀረበው ትልቅ የግንባታ ዕቅድ መጣ። ከንቲባው ይህ ዕቅድ የሕዝብ መናፈሻና መተላለፊያ ያስገኛል፤ ለከተማው ከዚህ የተሻለ አይገኝም ብሎ ተከራከረ። ከራሱ ወገን የነበሩ ብዙዎች ግን ቃልህን አጠፍህ አሉት። ለዕቅዱ የሚያስፈልገው ቦንድ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ በተሰጠው ድምፅ ከግማሽ ጥቂት በላይ ብቻ አገኘና ወደቀ። እኔ በዚህ ጉዳይ መራጩ ከከንቲባው ይልቅ አርቆ አይቷል ብዬ እፈርዳለሁ። በዕቅዱ ላይ ሁለት ሦስተኛ የሚለው ደንብ ባይኖር ኖሮ፣ ከንቲባው የተወዳደረበትን ቃል በገዛ እጁ ባፈረሰ ነበር።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ ነገሩ ወደ ሌላ መንገድ ዞረ። የሐይቁ ዳርቻ መሬት አብዛኛው የተፈጥሮ መሬት አይደለም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን በርሊንግተን የእንጨት ንግድ ወደብ በነበረችበት ጊዜ ውሃው በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ የተሠራ ነው፤ በኋላም ብዙው በባቡር ኩባንያ እጅ ነበር። ግዛቱና ከተማው፣ ከሐይቁ ላይ የተወሰደ መሬት የሕዝብ አደራ አለበት፤ ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ በቀር ሊውል አይችልም ብለው ተከራከሩ። የቨርሞንት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ክርክር በ1989 ተቀበለ። ዛሬ በዚያ ቦታ መናፈሻና የብስክሌት መንገድ አለ።

1989 ሳንደርስ ወንበሩን የለቀቀበት ዓመት ነው። በ1985ና በ1987 ተደግሞ ከተመረጠ በኋላ ዳግም አልተወዳደረም፤ ከአስተዳደሩ ውስጥ የነበሩት ፒተር ክላቬል ተወዳድረው ተተኩ። የሐይቁን ዳርቻ መናፈሻ ያደረጉት በአብዛኛው እርሳቸውና ከርሳቸው በኋላ የመጡት ናቸው። ቀደም ሲል ቸርች ስትሪት ከፓኬት መዝገብ ወደ ሳንደርስ መዝገብ እንደ ተሻገረ ተናግሬ ነበር፤ የሐይቁም ዳርቻ በተራው እንዲሁ ተሻገረ። በቅርቡ አንድ ተማሪዬ፣ ታዲያ ለዳርቻው ማን ይመሰገን? ብላ ጠይቃኝ በቂ መልስ አልሰጠኋትም። ባቡሩን ኩባንያ የተከራከሩት ጠበቆች? በ1985 እንቢ ያሉት መራጮች? ወይስ ጉዳዩን መጀመሪያ የምርጫ ጉዳይ ያደረገው ሰው? ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፤ ከእናንተ የተሻለ መልስ ያለው ሰው ቢኖር እርሷም እኔም ደስ ይለናል። ለጥያቄና ለአስተያየት ግማሽ ሰዓት አለን፤ ማይክሮፎኑ በስተቀኝ በኩል ነው።